የሰፈሩን በር ያልረገጠ ሻምፒዮን

ጎልማሳ ወንድ መጥረጊያ ይዞ በረዶ ላይ ሲሯሯጥ ያየ የአዲስ አበባ ሰው ምን እንደሚል ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። እኔም ብያለሁ። አንድ ምሽት በአንድ ሻይ ቤት የነበረው ቴሌቪዥን ሳይታሰብ አንድ የውጭ ጣቢያ ላይ አረፈና አራት ጎልማሶች ብቅ አሉ። አንዱ ተንበርክኮ ድንጋይ ያንሸራትታል፤ ሁለቱ ከድንጋዩ ፊት ፊት እየሮጡ ይጠርጋሉ፤ አራተኛው ከወዲያ ማዶ ቆሞ ጉሮሮው እስኪዘጋ ይጮሃል። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «ሚስቶቻቸው ይህን አይተው ይሆን?» አለ አንዱ። «እኛ ግቢ ቢመጡ የሚጠረግ ሞልቷል» አለ ሌላው። አስተናጋጁ ጣቢያውን ወደ እንግሊዝ ኳስ መለሰውና ነገሩ በዚያው አለቀ።

ለእኔ ግን አላለቀም። ካናዳ፣ ሳስካችዋን በምትባል ክፍለ ሀገር የሚኖር የአጎት ልጅ አለኝ። መጋዘን ውስጥ ነው የሚሠራው። በስልክ ያየሁትን እያሳቅሁ ብነግረው ዝም ብሎ አዳመጠኝና፣ «ሳቅ፣ ግድ የለም። እኔም እንዳንተ ስቄ ነው የገባሁበት። አሁን ሐሙስ ሐሙስ ማታ እጠርጋለሁ» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነገሩን እከታተላለሁ። ብከታተለው ደግሞ ሳቄ ወደ ንዴት ተለወጠ። የምናደደው በድንጋዩና በመጥረጊያው አይደለም። ያን ጨዋታ ጨዋታ ያደረገውን ነገር፣ ማለትም የየክፍለ ሀገሩን የወንዶች ሻምፒዮና፣ ራሳቸው ባለቤቶቹ እየሸረሸሩት መሆኑ ነው ያናደደኝ።

አንባቢ ሆይ፣ «አንተ ምን አገባህ? በረዶ የት ታውቃለህ?» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሠኝ፤ የሚያገባኝን እነግርሃለሁ። አስቀድሞ ግን ጨዋታውን እንተዋወቀው።

ከርሊንግ ይባላል። የስኮትላንድ ልጅ ነው። ድንጋዩ 20 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ግራናይት ሲሆን፣ የተመረጠው ዓይነት ከስኮትላንድ ጠረፍ ወዲያ ካለች አይልሳ ክሬግ ከምትባል ደሴትና ከዌልስ ከሚገኝ አንድ የድንጋይ ካባ ይወጣል። በረዶው እንደ መስተዋት የለሰለሰ አይደለም፤ ከጨዋታው በፊት ውሃ ጠብ ጠብ ይደረግበትና ጥቃቅን ጉብታ ያወጣል። ድንጋዩ በእነዚያ ጉብታዎች ላይ እየተሽከረከረ ይሄዳል፣ ፍጥነቱ ሲቀንስም ወደ ጎን ይታጠፋል። መጥረጊያው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ጠራጊዎቹ በረዶውን በኃይል ሲፈትጉት ይሞቃል፣ ይለሰልሳል፤ ድንጋዩም ርቆና ቀና ብሎ ይጓዛል። ሊቆም የነበረውን ድንጋይ ጥቂት ሜትር ጨምሮ ማስኬድ ይቻላል ማለት ነው። በሌሎች ጨዋታዎች ኳስ ከእጅ ወይም ከእግር ከወጣ በኋላ ጸሎት ብቻ ነው የሚቀረው። እዚህ ግን ወዳጆችህ እየሮጡ ስሕተትህን ያርሙልሃል። እኛ የሳቅንበት መጥረጊያ ይህ ነው።

ሌላም አለ። አንድ ተጫዋች መጥረጊያው የሚንቀሳቀስ ድንጋይ ቢነካ ዳኛ እስኪያየው አይጠብቅም፤ «ነካሁ» ብሎ ራሱ ይናገራል። የማሸነፍ ተስፋው የተሟጠጠ ቡድን መጨረሻውን ሳይጠብቅ እጁን ዘርግቶ ተጋጣሚውን ጨብጦ ይወጣል። ከጨዋታው በኋላ ደግሞ አሸናፊው ለተሸናፊው መጠጥ መግዛቱ የቆየ ወግ ነው። ቅጣት ምት ለማግኘት ሣር ላይ የሚንፈራፈር ጎረምሳ ስናደንቅ የኖርን ሰዎች በዚህ ላይ መሳቃችን ሲታሰበኝ አፍራለሁ።

ወደ ጠቡ እንመለስ። ካናዳ ውስጥ የወንዶች ብሔራዊ ሻምፒዮና «ብራየር» ይባላል። ስሙ የትምባሆ ምርት ስም ነበር፤ ገንዘቡን ያወጣው የማክዶናልድ ትምባሆ ኩባንያ ነውና። የመጀመሪያው ውድድር እ.ኤ.አ. በ1927 ቶሮንቶ ውስጥ ተደረገ፤ (ከዚህ በኋላም የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ አንዱን ለይቼ ካልነገርኩ በቀር፣ የአውሮፓውያኑ ናቸው) ዋንጫውን የወሰደው ከኖቫ ስኮሺያ፣ ከሃሊፋክስ ከተማ የመጣው የመሬይ ማክኒል ቡድን ነበር። የውድድሩ ሐሳብ ቀላል ነው። ሰው በክለቡ ይጀምራል፣ ከጎረቤቱ ጋር ይጋጠማል፣ የአካባቢውን ያሸንፋል፣ በመጨረሻም የክፍለ ሀገሩን ሻምፒዮና ያሸንፍና የክፍለ ሀገሩን ስም ጀርባው ላይ ለብሶ ወደ ብራየር ይሄዳል። እዚያ የደረሰ ሰው ሐምራዊ የልብ ቅርጽ ያለው ምልክት ይሰጠዋል። ይህችን ቁራጭ ጨርቅ ከሞት በፊት አንዴ ለማግኘት ዕድሜ ልካቸውን የሚጫወቱ አሉ።

ይህ መንገድ ምን ዓይነት ሰው ያወጣ ነበር? የሳስካችዋንን ሪቻርድሰኖች ተመልከቱ። አርኒና ጋርኔት የተባሉ ወንድማማቾች ከአጎት ልጆቻቸው ከአርኖልድና ከዌስ ጋር ሆነው አንድ ቡድን መሠረቱ። በ1959 እና በ1960 ብራየርን አሸነፉ፣ በ1962 ደገሙት፤ በ1963 ደግሞ በዌስ ቦታ ሌላ ሰው ተተክቶ ለአራተኛ ጊዜ ወሰዱት። በአንድ ቤተ ሰብ ውስጥ የሚበቃ ቡድን ማለት እንደዚህ ነው። ኒውፋውንድላንድ ደግሞ በውቅያኖስ ዳር የተጣለች፣ ሌላው ካናዳዊ የሚቀልድባት ክፍለ ሀገር ናት። በ1976 ጃክ ማክደፍ የተባለ ሰው ማንም ያልጠበቀውን ቡድን ይዞ እስከ ሬጃይና ሄደና ዋንጫውን ይዞ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ኒውፋውንድላንድ 41 ዓመት ጠበቀች። በ2017 ውድድሩ በራሷ ከተማ በሴንት ጆንስ ተደረገ። ብራድ ጉሹ የመጨረሻዋን ድንጋይ ሲለቃት ኃይል አነሳት፤ ጠራጊዎቹ ከመነሻው እስከ መድረሻው እየፈተጉ አደረሷት፤ 7 ለ 6። የዚያን ዕለት አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሕዝብ ያለቀሰው ለአንድ ሰው ችሎታ ብቻ ይመስላችኋል?

ይኸው ጉሹ በ2006 ቱሪን ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ ሊጫወት ሲል የኒውፋውንድላንድ መንግሥት ልጆቹ ያዩት ዘንድ የዕለቱን የከሰዓት ትምህርት ዘግቶ ነበር። የክፍለ ሀገር ስም እንዲህ ነው የሚከብደው።

እንግዲህ ሽርሸራውን እንይ። በ2018 የውድድሩ ባለቤት የሆነው የካናዳ ከርሊንግ ማኅበር የተጋባዦቹን ቁጥር ወደ 16 ከፍ አደረገ። 14ቱ የየአካባቢው ሻምፒዮኖች ናቸው፤ አሥሩ ክፍላተ ሀገር፣ ሦስቱ የሰሜን ግዛቶች፣ ከጥንት ጀምሮ ራሷን ችላ የምትጫወተው ሰሜናዊ ኦንታርዮ። አሥራ አምስተኛው ያለፈው ዓመት አሸናፊ ነው። አሥራ ስድስተኛው ግን «ዋይልድ ካርድ» ተባለ፤ በክፍለ ሀገሩ የተሸነፈ፣ ነገር ግን በነጥብ ሰንጠረዥ ላይ ደረጃው ከፍ ያለ ቡድን የሚገባበት የጎን በር ነው። በ2021 ወረርሽኙ መጣ፤ ብዙ የክፍለ ሀገር ውድድሮች ተሰረዙ፤ ብራየርም ካልጋሪ ውስጥ ያለ ተመልካች ተደረገ። የጎን በሩ ሦስት ሆነ። ለዚያ ዓመት ይቅር እንበል፤ ክፉ ዘመን ነበር። ዳሩ ግን ለሕመም የታዘዘ መድኃኒት ከዳኑም በኋላ እንደ እንጀራ በየዓመቱ ቀረበ። በ2022ም ሦስት፣ በ2023ም ሦስት።

በ2022 የሆነውን ልብ በሉ። ጉሹ ከቤጂንግ ኦሊምፒክ የነሐስ ሜዳልያ ይዞ መጣ። የኒውፋውንድላንድን ስም ለብሶ የቀረበው ግን ናታን ያንግ የሚባል ገና ወጣት ነበር፤ በቤቱ ተጫውቶ ያገኘው መብቱ ነው። የጉሹ ቡድን የገባው በጎን በር ነው። በውጤት ሰሌዳው ላይ የተጻፈለት ስም «ዋይልድ ካርድ 1» ይላል። ከአራቱ አንዱ በኮቪድ ተይዞ ስለወጣ ቡድኑ ፍጻሜውን የተጫወተው በሦስት ሰው ነው። በሦስት ሰው! በተጨማሪ ዙር አልበርታን 9 ለ 8 አሸነፈ። በዚህ ጨዋታ ታሪክ ውስጥ ከታዩት ጀግንነቶች አንዱ ሆኖ ሳለ በማን ስም ይመዝገብ? መዝገቡ ላይ ከኒውፋውንድላንድ፣ ከማኒቶባ፣ ከአልበርታ ተርታ ገብቶ የተቀመጠው የቁማር ካርታ ስም ነው። ወጣቱ ያንግና ታላቁ ጉሹ የአንዲት ደሴት ልጆች ሆነው ሳለ፣ አንደኛው ስሟን ይዞ ተሸነፈ፣ ሁለተኛው ስሟን ሳይዝ ነገሠ። ጉሹን አልከስም። ኦሊምፒክ ላይ ለሀገሩ የሚዘጋጅ ሰው በሁለት ቦታ ሊገኝ አይችልም። የምከሰው እንዲህ ያለ በር ከፍቶ «ግባ» ያለውን ነው።

ማኅበሩ ራሱ ያፈረበት ይመስላል። ከ2024 ጀምሮ «ዋይልድ ካርድ» የሚለው ስም ቀረ። የመጣው ግን ከፊተኛው የባሰ ነው። ደረጃቸው ከፍ ያለ ጥቂት ቡድኖች የክፍለ ሀገራቸውን ሻምፒዮና ሳያሸንፉ ማለፋቸው ቀጠለ፤ የክፍለ ሀገራቸውንም ስም መልበስ ጀመሩ። በመሆኑም በ2024 ሁለት ማኒቶባዎች ቀረቡ፤ በሰሌዳው ላይ የሚለዩት ከማኒቶባ ጎን በገባው የመሪዎቻቸው ስም ነው። ለመሆኑ ዊኒፔግ ውስጥ ያለ ሕፃን ለየትኛው ማኒቶባ ይጩኽ? ለአሸነፈው ነው ወይስ ነጥብ ላጠራቀመው?

የተቃራኒዎቼን ክርክር አላሳንስም፤ ጠንካራ ነው። እንዲህ ይላሉ፤ «አልበርታና ማኒቶባ ውስጥ ሁለተኛ የወጣ ቡድን ከትንሽ ክፍለ ሀገር አንደኛ ከወጣው በብዙ ይበልጣል። ጎበዙ ቤቱ ተቀምጦ ደካማው 12 ለ 2 ሲሸነፍ በቴሌቪዥን ማሳየት ለማን ይጠቅማል? ስፖንሰሩስ ምን ይላል? የዓለም ሻምፒዮና ላይ ስዊድንና ስኮትላንድ ምርጦቻቸውን ያሰልፋሉ፤ እኛ የመንደር ሥነ ሥርዓት እያከበርን እንሸነፍ?» እውነት አለበት። የአጎቴ ልጅም «አንዳንዱ የክፍለ ሀገር ጨዋታ ሲታይ እንቅልፍ ያመጣል» ብሎኛል።

ነገር ግን ጎበዝ ከጎበዝ የሚጋጠምበት መድረክ አልጠፋም። ገንዘብ የሚያስገኙ ታላላቅ የዙር ውድድሮች በየወሩ አሉ፤ እዚያ ክፍለ ሀገር የለም፣ ሰንጠረዥ ብቻ ነው ያለው። ወደዚያ የሚሄድ ይሂድ፤ እኔም በደስታ አያለሁ። ብራየር ግን ሌላ ጥያቄ ነው የሚጠይቀው። «ከሁላችሁ ጎበዙ ማነው?» ብቻ አይልም፤ «እናንተ ከማን ቤት መጣችሁ?» ይላል። ይህን ሁለተኛ ጥያቄ ካወጣችሁለት ከሌሎቹ ውድድሮች የሚለየው ምንድን ነው? በሰንጠረዥ የሚመርጥ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይረሳል፤ ነጥቡ የሚገኘው በመጓዝ ነው። ካልጋሪ አጠገብ የሚኖርና ከሱቅ የሦስት ሳምንት ፈቃድ ማግኘት ያቃተው የፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት ሰው እኩል ነጥብ ሊሰበስቡ አይችሉም። ሰንጠረዡ ችሎታን ይለካል፣ ቦርሳንም አብሮ ይለካል።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ «እንግዲያው የሰዉን ትውልድ እንቁጠር ልትል ነው» ቢለኝ አይደንቀኝም። በእኛ አገር ይህ ጥያቄ ከስፖርት በላይ ያማልና ጥርት አድርጌ ልመልስ። አጥንት ቆጠራ አልወድም። ማይክ ማክዊን የማኒቶባ ተወላጅ ነው፤ ማኒቶባን ወክሏል፣ በ2023 ኦንታርዮን ወከለ፣ በ2024 ደግሞ ሳስካችዋንን። ደንቡ አንድ ቡድን ከውጭ አንድ ሰው እንዲያስገባ ይፈቅድ ነበርና። ከ1980 ጀምሮ እስከ 2025 ድረስ ብራየርን ያላየችው ሳስካችዋን በ2024 በራሷ ከተማ በሬጃይና ፍጻሜ የደረሰችው በዚህ እንግዳ መሪነት ነው፤ በጉሹ 9 ለ 5 ቢሸነፍም። የአጎቴ ልጅ እዚያ አዳራሽ ነበር። «ሰዉ እንደራሱ ልጅ ነው የጮኸለት» አለኝ። ለምን? በበሩ ገብቷላ! የክፍለ ሀገሩን ቡድኖች አንድ በአንድ ተጋጥሞ፣ አሸንፎ፣ እጃቸውን ጨብጦ ነው የመጣው። በ2017ቱ የኒውፋውንድላንድ ቡድን ውስጥም ከአራቱ ሁለቱ የተወለዱት ሌላ ቦታ ነው። ማንም «ደሴታችን አይደላችሁም» አላላቸውም፤ እነርሱም በረዶውን እየፈተጉ ዋንጫውን አደረሱላት። እኔ የምጠይቀው ሰውዬው የት ተወለደ ብዬ ሳይሆን፣ ከእነማን ጋር ተጋጠመ ብዬ ነው። የወከለውን ሕዝብ ፊት ለፊት ሳያይ ስሙን የሚለብስ ሰው ነው ያስቸገረኝ።

አሁን «ምን አገባህ?» ላላችሁኝ። በ2006፣ ጉሹ ወርቅ ባጠለቀበት በዚያው የቱሪን ኦሊምፒክ ላይ፣ ሮቤል ተክለማርያም የሚባል የእኛ ሰው የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ ገብቶ ነበር። በክረምት ኦሊምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። በበረዶ መንሸራተቻ 15 ኪሎ ሜትር ሄደ። ሜዳልያ አላገኘም፤ ሊያገኝም አልሄደም። በ2010 ቫንኩቨር ላይ ደገመው። ያ ወንበር እንዴት ተገኘ? ዝቅተኛውን መመዘኛ እስካሟሉ ድረስ ትንንሽ አገሮችም ሰው እንዲልኩ የሚፈቅድ ደንብ ስላለ ነው። ነገሩ በሰንጠረዥ ብቻ ቢሆን ኖሮ የሮቤልን ቦታ አንድ ሰባተኛ ወይም ስምንተኛ የወጣ ኖርዌጂያዊ ይወስደው ነበር፤ ከሮቤልም እጅግ ይፈጥን ነበር። «ጎበዙ ቤቱ ተቀምጦ» የሚለው ክርክር እስከ መጨረሻው ቢሄድ የሚያደርሰው እዚህ ነው። የትንሽ ቦታ ወንበር ሲነቀል የሚስቅ ሰው የራሱ ወንበር ከየትኛው እንጨት እንደተሠራ ቢመለከት ጥሩ ነው።

ሩቅም አልሂድ። የእኛ ፕሪሚየር ሊግ ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጀምሮ ለቴሌቪዥን ተሽጦ ጨዋታዎቹ በተመረጡ ጥቂት ከተሞች እየተሰባሰቡ ሲደረጉ ምን እንዳየን እናስታውስ። ቡድኑ በስሙ የሚጠራበት ከተማ ሕዝብ ልጆቹን በስክሪን ሲያይ፣ ልጆቹ ደግሞ በማያውቃቸው ከተማ ፊት ባዶ ወንበር እየቆጠሩ ሲጫወቱ። ሥዕሉ ጥሩ ነበር፤ ካሜራው ብዙ ነበር። ታዲያ የዚያን ምሽት ሻይ ቤት ውስጥ አስተናጋጁ የእንግሊዝን ኳስ ሲከፍት ማናችንም «ኧረ የሰፈራችንን ክፈትልን» ያላልነው ለምን ይመስላችኋል?

ካናዳውያኑን የምለምነው ጥቂት ነው። በሩን አንድ አድርጉት። ያለፈው ዓመት ሻምፒዮን ይግባ፤ እርሱ በበሩ የገባ ነውና። ኦሊምፒክ የሄደ ቡድን ሲኖር የክፍለ ሀገሩን ውድድር ቀን ለውጡለት፤ የቀን መቁጠሪያ የእናንተ ነው። የቀረው ሁሉ ይጋጠም። ሁለት ታላላቅ ቡድን ያላት ክፍለ ሀገር አንዱን ቤት ታስቀር፤ ልብ ይሰበር። የክፍለ ሀገሩ ፍጻሜ እንቅልፍ የሚያመጣው እኮ የተሸነፈውም እንደሚያልፍ ስለሚታወቅ ነው።

ባለፈው ሳምንት የአጎቴ ልጅ ደወለ። የመጋዘን ባልደረቦቹን ይዞ በክለባቸው ማጣሪያ ተመዝግቦ ነበር። «እንዴት ሆናችሁ?» አልኩት።

«12 ለ 2» አለኝ።

«ለማን?»

«ትጠይቃለህ እንዴ! ስድስተኛው ዙር ላይ እጅ ዘርግተን ወጣን። ልጆቹ ቢራ ገዙልን። እኔ አልጠጣም ስላቸው አንዱ ወጥቶ ሻይ ፈልጎ አመጣልኝ፤ ውጭው 30 ዲግሪ ከዜሮ በታች ነው። ልጁ ባንክ ነው የሚሠራው። በሚቀጥለው ሳምንት የአካባቢውን ይጫወታሉ፤ ሄጄ ልጮህላቸው ፈቃድ ጠይቄአለሁ።»